መድረክ ላይና ሐኪም ፊት፦ እንግሊዝኛን ለመናገር ስለ መማር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ ጤና ይስጥልኝ።

ከዚሁ ሰላምታ ልነሣ። አማርኛ ሰላምታውን የሠራው ከጤና ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ላለ ሰው «አብሮ ይስጥልን» ይባላል፤ «እንዴት አደሩ?» የተባለ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነው። ሕመሙ የሚወጣው ከምስጋናው በኋላ፣ ረጋ ተብሎ ነው። ይህ ልማድ በእንግሊዝኛ በሚናገር ሐኪም ፊት ምን እንደሚያስከትል ኋላ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ርእሴ እንግሊዝኛን ለሁለት ጉዳዮች ስለ መማር ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ንግግር ለማድረግና ከሐኪም ጋር ለመነጋገር። ሁለቱ ለምን በአንድ ርእስ ሥር እንደ ገቡ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው የክብር ጉዳይ ነው፤ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያስረዳ፣ መምህር በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ጥናቱን ሲያቀርብ ይፈልገዋል። ሁለተኛው የጭንቅ ጉዳይ ነው፤ ልጇን ልትጠይቅ ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሄደች እናት፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እኅት፣ ለትምህርት ወጥቶ በማያውቀው ከተማ የታመመ ተማሪ ይፈልገዋል። እኔ የማምነው ግን ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንደሚገናኙ ነው፤ ያም ዋናውን ነገር የት ላይ እናስቀምጠዋለን የሚለው ጥያቄ ነው። የሚለያዩበትም ቦታ አለ፤ እርሱም ጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ለአንዱም ለሌላውም አያዘጋጁም የሚል አቤቱታም አለኝ።

በአገራችን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ሌሎቹ ትምህርቶች የሚሰጡበት ቋንቋ ይሆናል። በብሔራዊ ፈተና ላይ ግን ተማሪው የሚጠየቀው ከአራት አማራጮች አንዱን እንዲያጠቁር ነው። ማጥቆር አፍ አይፈልግም። ስለዚህ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» ከሚለው በኋላ የሚመጣውን ግስ በትክክል የሚመርጥ ልጅ የጎኑን ሕመም በእንግሊዝኛ ንገረን ቢባል ከ«አይ አም ሲክ» አያልፍም። ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ በ12 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ማንም ስላልጠየቀው ነው።

ከመድረኩ እንጀምር። አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ ነው። ጥሩ አማርኛ ተናጋሪ ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱን፣ ባለጉዳዩን አንድ በአንድ ይደረድርና አድማጩን አንጠልጥሎ ቆይቶ በመጨረሻው ቃል ያሳርፈዋል። አድማጩም ይህን ያውቃል፤ ይጠብቃል፤ መጠበቁም ደስ ይለዋል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱንና ግሱን ጎን ለጎን አድርጎ ከዓረፍተ ነገሩ ራስ አጠገብ ያስቀምጣቸዋል። ንግግሩን በአማርኛ አስቦ ቃል በቃል የገለበጠ ተማሪ ሦስትና አራት ሐረግ ሲያወርድ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ገና አልሰማም። ለተማሪዎቼ የምሰጠው ልምምድ ቀላል ነው፤ የአምስት ደቂቃ ንግግራችሁን ጻፉ፤ ከዚያም የመጨረሻውን አንቀጽ ቆርጣችሁ መጀመሪያ ላይ አድርጉትና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ እርማት አያስፈልገውም።

ሌላው የመድረክ ችግር ዜማው ነው። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አያሳይም፤ በዓሉን «ገና» እና «ገና አልመጣም» የምንለውን «ገና» የሚለየው የአንባቢው ጆሮ ነው። እንግሊዝኛም ጫናው የሚያርፍበትን ክፍለ ቃል በጽሑፍ አያሳይም። «ሪከርድ» የሚለው ቃል ጫናው ፊት ላይ ሲሆን መዝገብ ማለት ነው፤ ኋላ ላይ ሲሆን መመዝገብ። የእኛ ተናጋሪ ክፍለ ቃላቱን ሁሉ እኩል ሲረግጣቸው ድምፆቹ ትክክል ሆነው ሳለ አድማጩ ቃሉን አይይዘውም። እንደ እንግሊዝ ሰው እንናገር ማለቴ አይደለም፤ ያ ከንቱ ድካም ነው። «ዚስ» እና «ሲንክ» ማለታችን ብዙም ሰው አያሳስትም። የጫና ቦታ ግን ያሳስታል።

ሆኖም መድረክ ምሕረት አለው። ንግግሩ አስቀድሞ ይጻፋል፤ በመስተዋት ፊት ይለመዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚባለውን የሚመርጠው ተናጋሪው ራሱ ነው። የማያውቀውን ቃል ዘሎ ያልፋል፤ ማንም አያውቅበትም። ሐኪም ፊት ግን ያ የማናውቀው ቃል ራሱ የሄድንበት ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ74 የሐኪምና የታካሚ ንግግሮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ታካሚው የመጣበትን ጉዳይ መናገር ከጀመረ በኋላ ሐኪሙ ጣልቃ ገብቶ ወደ ራሱ ጥያቄ የሚወስደው በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። አሁን የእኛን ሰው አስቡ። «ዶክተር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ሠርግ ነበረ፤ ለሠርጉ ገጠር ወርጄ ነበር፤ መንገዱ እንደሚያውቁት ነው፤ እዚያ ሁለት ቀን አደርሁ፤ ስመለስ ደግሞ ዝናብ መታኝ…» 18 ሴኮንዱ አልፏል። ደረቱን የሚወጋው መሆኑ ገና አልተነገረም። ይህ አተራረክ የመጣው ከግሱ አቀማመጥ ነው ብዬ አልከራከርም፤ የሥነ ልሳን ሰዎች እንዲህ ያለውን ዝምድና በጥርጣሬ ያዩታል፤ ልክም ናቸው። ልማዱ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ለሐኪም የምንናገራቸው የመጀመሪያዎቹ ቃላት ራሳቸውን የቻሉ ንግግር ናቸው፤ ከንግግሮች ሁሉ አጭሩ። እንደ መድረክ ንግግር ሊጻፉና ሊለመዱ ይገባል፦ ምን ዓይነት ሕመም ነው፣ የት ላይ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ወስጃለሁ። በወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድም ነውር የለበትም።

ከእነዚህ ሁሉ የከበደው የመጀመሪያው ነው፤ የሕመሙ ዓይነት። በአማርኛ ሕመሙ አድራጊ ነው፤ እኛ ተደራጊዎች ነን። ራሳችንን ይፈልጠናል፤ ሆዳችንን ይቆርጠናል፤ ጎናችንን ይወጋናል፤ ቁስላችንን ይጠዘጥዘናል፤ ጉልበታችንን ይቆረጥመናል፤ ጨጓራችንን ያቃጥለናል። እነዚህን ሕፃን እንኳ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ በቅጽል ይገልጻቸዋል፤ «ሻርፕ»፣ «በርኒንግ»፣ «ትሮቢንግ»፣ «ክራምፒንግ»፣ «ዳል» ይላል። ቃላቱ ጌጥ አይደሉም። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለው ካናዳዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመውና በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ስም በሚጠራው የሕመም መጠይቅ 78 የሕመም ቃላትን በ20 ምድብ ከፍሎ አስቀምጧቸዋል፤ የሚያቃጥል ሕመምና የሚጠዘጥዝ ሕመም የተለያየ ምክንያት ሊጠቁሙ ይችላሉና። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ የቃል ሀብት ይዞ ይሄድና ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አንድ ቃል ብቻ ይቀረዋል፤ «ፔይን»። «ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ይሆናል?» ሲባል ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ መጠኑን እንጂ ዓይነቱን አይናገርም።

ቀጥሎ የበሽታ ስሞች አሉ። እዚህ ላይ ቃል በቃል መተርጎም አደገኛ ነው። «ደም ብዛት» ሲገለበጥ ደም በዛብኝ ማለት ይሆናል፤ እንግሊዝኛው የሚያወራው ግን ስለ ግፊት ነው። «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ወገቡን ነው። «ሆድ ባሰኝ» ያለች ሴት ሆዷን አላመማትም፤ ከፍቷታል። በአንጻሩ እንግሊዝኛ ቃርን የልብ ቃጠሎ ብሎ ይጠራዋል፤ ልብ ግን በነገሩ የለችበትም። እንግዲህ አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ብትልና ልጇ እንዳለ ቢያወጣው፣ የጨጓራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የልብም ሊሆን ይችላል፤ ኀዘንም ሊሆን ይችላል። «ምች» ለምንለው ደግሞ እንግሊዝኛ ስም የለውም፤ ፍለጋውም ጊዜ ማባከን ነው። ስሙን ትቶ ምልክቱን መናገር ነው፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከንፈር ላይ የወጣ ውኃ የቋጠረ ቁስል። ለሕክምና እንግሊዝኛ የሚዘጋጁ ተማሪዎች ደብተራቸውን በበሽታ ስሞች ይሞላሉ። ምክሬ ስሙን ለሐኪሙ ተዉለት ነው፤ ደብተሩን በግሶችና በቅጽሎች ሙሉት።

አንድ ቃል ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሕክምና ትርጉም ትምህርት ዘንድ በሰፊው የታወቀ የፍሎሪዳ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። አብረውት የነበሩት ስፓኝኛ ተናጋሪዎች «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ወይም የጠጣው ነገር አልተስማማውም ለማለት። ቃሉ በመድኃኒት ወይም በመጠጥ መስከርን ከሚያመለክተው ከእንግሊዝኛው «ኢንቶክሲኬትድ» ጋር ስለ ተመሳሰለ፣ ወጣቱ አደንዛዥ ነገር አብዝቶ እንደ ወሰደ ሰው ታከመ። እርሱ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ይህ እስኪታወቅ ጊዜው አለፈ፤ እጁም እግሩም ሽባ ሆነ፤ ጉዳዩ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚደርስ የካሳ ስምምነት አለቀ። ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠራ ያለ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ተግባብተናል ብሎ አምኖ ነበርና።

ያልተግባቡበትን ተግባብተናል ብሎ ማመን በእኛም ቋንቋ በብዙ በር ይገባል። ሐኪሟ «የማይስማማዎት መድኃኒት የለም?» ብላ ብትጠይቅ በአማርኛ «አዎ» ያለ ሰው «አዎ፣ የለም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ «የስ» ካለ ግን አለ ማለቱ ነው። ስለዚህ ለአሉታዊ ጥያቄ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመለስ። «እሺ» የሚለውም ቃላችን ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ አክብሬዎታለሁ» ማለት ነው፤ «ኦኬይ» ሆኖ ሲወጣ ሐኪሟ ተረድታለች፣ ተስማምታለች ብላ ትጽፋለች። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን የምንላትን «አዎ»ማ የማያውቅ ሐኪም፣ በተለይ ማዳመጫውን ደረት ላይ አድርጎ ሳለ ቢሰማት፣ ትንፋሽ አጠራት ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። (ሣቅ) መነሻዬ ላይ ያነሣሁት ሰላምታም እዚህ ይመጣል። «ሃው አር ዩ?» ለተባለ ሰው «ፋይን» ማለት ለእኛ ምስጋና ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ደኅና ናት ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። ምስጋናውን ማንም አይንጠቀን፤ ነገር ግን ከምስጋናው በኋላ ትንፋሽ ሳንወስድ «በት» የምትለዋን ቃል ማስከተል እንልመድ።

ቁጥርና ጊዜ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በአፋችን አንድ ሆነው ይወጣሉ፤ 15 እና 50 ሚሊግራም ግን አንድ አይደሉም። የመድኃኒት ባለሙያዎች ራሳቸው ስለዚህ ነገር «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዚሮ» እያሉ አኃዝ በአኃዝ እንዲናገሩ ይመከራሉ። ታካሚም እንዲሁ ቢጠይቅ የሚቀየመው ሐኪም የለም። ሰዓታችን ስድስት ሰዓት ይለያያል፤ «በኤይት» የተባለ ቀጠሮ ጠዋት 2 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 8 ሰዓት አይደለም። ከዚህ የሚብሰው የወር ስም ነው። ነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ የወር አበባዋ ጥቅምት 10 እንደ መጣ ታውቃለች፤ ጥቅምትን «ኦክቶበር» ብላ 10ን እንዳለ ከተወችው፣ ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 20 አካባቢ ነውና፣ የፅንሱ ዕድሜ በዐሥር ቀን ይሳሳታል። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባል «ኖ» የሚል ሰው ዳማከሴውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ኮሶውን መድኃኒት ብሎ አልቆጠረም። «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር» የተባለች ጿሚም እሺ ብላ ትወጣለች፤ እስከ 9 ሰዓት እንደማትቀምስ ለሐኪሟ የነገራት የለም። እነዚህ የሰዋስው ስሕተቶች አይደሉም፤ በየትኛውም ፈተና አይወጡም።

እስካሁን ስለ መማር ተናገርሁ፤ አሁን ደግሞ የማይቃረነውን ነገር ልናገር። እንግሊዝኛ ተምሮም ቢሆን አስተርጓሚ መጠየቅ የትምህርቱ አካል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ በሚገባ ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው፤ ቀሪው የአስተርጓሚዎች ሥራ ሆነ። ቋንቋ አልቻሉም ያለ የለም። መድረክ ላይ ክብር የሆነው ነገር በሐኪም ክፍል ለምን ኀፍረት ይሆናል? በአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማትን በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ የቋንቋ አገልግሎት ጥያቄም የቆመው በዚህ ላይ ነው። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ብዙ ሰው ግን የዐሥር ዓመት ልጁን ይዞ ይገባል። ያቺ ልጅ የእናቷን የማኅፀን ደም መፍሰስ በሁለት ቋንቋ እንድትናገር ትጠየቃለች። «እማዬ፣ ይህን እንዴት ልበለው?» ትላለች፤ እናቲቱም ከልጇ ፊት የምታፍርበትን ነገር ትተወዋለች። ለሐኪሙ የሚደርሰው የቀረው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሊለመድ የሚገባው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ነው፤ ሁለተኛው «አይ ዲድ ኖት አንደርስታንድ»፤ ሦስተኛው ሐኪሙ የነገረንን በራሳችን ቃል መልሰን እየተናገርን «ኢዝ ዛት ራይት?» ማለት።

ከባሕር ማዶ ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ከጤና ሳይንስ የመጣችሁ ተማሪዎች ይህ የስደተኛ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት እሰጋለሁ። በሆስፒታሎቻችን ታካሚው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ይናገራል፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው። «ቺፍ ኮምፕሌይንት» የሚባለው መስመር የታካሚውን የራሱን ቃል እንዲይዝ ትማራላችሁ። ያ ቃል ግን ከእጃችሁ ሲወጣ «ይቆረጥመኛል»ም፣ «ይጠዘጥዘኛል»ም፣ «ይነዝረኛል»ም አንድ «ፔይን» ሆነዋል። የማታው ተረኛ ሐኪም የሚያነበው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ አስተርጓሚው እናንተ ናችሁ፤ ማንም ግን መተርጎም አላስተማራችሁም።

የማቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው። የንግግር እንግሊዝኛ ኮርሳችን ፈተና በሁለት ይከፈል፤ አንደኛው አጋማሽ የአምስት ደቂቃ የመድረክ ንግግር፣ ሁለተኛው የዐሥር ደቂቃ የሐኪምና የታካሚ ውይይት ይሁን። ሐኪሞቹ ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚመጡ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይሁኑ፤ ለእነርሱም ልምምድ ነው። ታካሚ የሚሆነው ተማሪ የሕመሙን ታሪክ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ብቻ የተጻፈ ወረቀት ይሰጠው፤ እንግሊዝኛውን እዚያው ያምጣው። ነጥብ የሚያዘው ለሰዋስው ሳይሆን ሐኪሙ ውይይቱ ካለቀ በኋላ የሚጽፈው ታሪክ ከወረቀቱ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ታይቶ ነው። የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ የታካሚውን የሕመም ግስ ከእንግሊዝኛው ጎን በፊደል እንዲጽፉ ቢፈቀድ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ብቻ ነው።

የአማርኛውን የሕመም ግሶች ዝርዝር ጀምሬዋለሁ፤ አርባ ያህል ደርሰዋል። የኦሮምኛውን፣ የትግርኛውንና የሶማልኛውን ግን ብቻዬን አልችለውም። ቋንቋዎቹን የምትናገሩ ተማሪዎች ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማችሁን በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።